ፀረ-ሂስታሚንና የበግ የጨጓራ ትል፦ የ12 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ ከልደታ

ሳምንት 1፣ መስከረም አጋማሽ

ስምንት የመንዝ ጠቦቶች ገቡ። ከ17 እስከ 23 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ሁሉም ወንድ ናቸው፣ ዋጋቸው በአማካይ 9,500 ብር። ማደሪያቸው ልደታ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለ ክፍል ነው። የሚበሉት ድርቆሽና ፉርሽካ። ክረምቱን ሣር ላይ ስለከረሙ ትሉን ይዘው ነው የመጡት፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። ነጋዴው የትል መድኃኒት ወስደዋል ያላቸው ሁለቱ ተመልሰው በሌላ ተቀየሩ። አልቤንዳዞል የቀመሰ በግ ለዚህ ሥራ ለሳምንታት አይሆንም።

ጥያቄው፦ ደም መጣጩ ሄሞንከስ ኮንቶርተስ ያለበት በግ አዳዲስ እጮችን ሲውጥ፣ አንዳንዴ በጨጓራው የቆየውን ትል በጥቂት ቀን ውስጥ ጠራርጎ ያስወጣል። ተመራማሪው ስቶል እ.ኤ.አ. በ1929 ይህን «ራስን ማዳን» አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪው ስቱዋርት በዚያ ሰዓት በበጉ ደም ውስጥ ሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው ኬሚካል) ከፍ እንደሚል፣ ፀረ-ሂስታሚን (ይህን ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒት) ሲሰጥ ደግሞ ማስወጣቱ እንደሚዳከም አሳየ። እኛ የምንሞክረው ክሎርፌኒራሚን በተባለ ፀረ-ሂስታሚን መርፌ ይህንኑ በስምንት በግ ማየት ነው። ስምንት በግ ለመደምደሚያ አይበቃም፤ አሠራሩን ለማስተካከል ግን ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ የዕንቁላል ቆጠራ ነው፣ በማክማስተር ዘዴ። 3 ግራም በጠጥ፣ 42 ሚሊ ሊትር የጨው ሙሌት፣ በሻይ ማጥለያ አጥልሎ ሁለት ክፍል ያለው የመቁጠሪያ መስታወት ላይ መሙላት። እያንዳንዱ ክፍል 0.15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በሁለቱ ክፍል የታየው ዕንቁላል በ50 ሲባዛ የአንድ ግራሙ ይገኛል።

ጨው፦ ለ1 ሊትር ውኃ 400 ግራም ተብሎ ከሱቅ የተገዛ የገበታ ጨው ገባ። በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ሲለካ 1.16 ሆነ፤ የሚፈለገው 1.20 ነው። ጨው ሙቅ ውኃ ፈልጎ ይሆናል ተብሎ ተፈላ፣ ለውጥ የለም። ምክንያቱ ሌላ ነበር፦ ጨው እርጥብ ነው፣ ከተመዘነው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ውኃ ነው። አሁን የሚደረገው በሚዛን መድከምን ትቶ ከሥር ያልሟሟ ጨው እስኪቀር መጨመር፣ አሳድሮ ከላይ ያለውን በጨርቅ ማጥለል፣ በየማለዳው በሃይድሮሜትር ማረጋገጥ ነው። ካልተጠለለ ከጨው የሚወጣው ነጭ ዝቃጭ መስታወቱ ላይ ደመና ሆኖ ዕንቁላሉን ይሸፍናል።

የጉበት ትል ዕንቁላል ከባድ ስለሆነ በዚህ ጨው አይንሳፈፍም። «ጉበት ትል የለበትም» ለማለት በማክማስተር መታመን አይቻልም፣ ለእርሱ ዝቃጭ ማየት ነው።

ሳምንት 2

መቁጠሪያ መስታወቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋው አልተቻለም። ስለዚህ መርካቶ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሁለት ተሠሩ፦ ለእያንዳንዱ ሁለት ስላይድ፣ በመካከላቸው ድጋፍ የሚሆኑ ቀጫጭን የመስታወት ቁራጮች፣ ኢፖክሲ ሙጫ፣ 10 በ10 ሚሊ ሜትር መስመር በመርፌ ጫፍ የተሳለ። ቁርጥና ሙጫ 350 ብር።

ሦስት ቀን ከቆጠርን በኋላ ነው ስሕተቱ የተገኘው። አንድ ናሙና በእኛ መስታወትና ከአንድ ባልደረባ በተዋስነው ፋብሪካ ሠራሽ መስታወት ሲቆጠር የእኛው ሁልጊዜ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይበልጣል። በቨርኒየር ካሊፐር የድጋፉ ውፍረት ሲለካ 2 ሚሊ ሜትር ሆነ እንጂ 1.5 አይደለም። ክፍሉ የያዘው 0.2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ ማባዣው 50 ሳይሆን 37.5 ነው። መስታወቱ አልተጣለም፣ ማባዣው ተጽፎ ተለጠፈበት። የሙጫ ንብርብርም ውፍረት ስለሚጨምር፣ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከተጣበቀ በኋላ በሦስት ነጥብ ይለካ።

ሌላው ደግሞ ሰዓት ነው። ዕንቁላል እስኪንሳፈፍ 5 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ሰዓት ካለፈ ግን ጨው ዕንቁላሉን ይጨመድደዋል፣ መልኩም ይጠፋል። ስምንት ናሙና በአንድ ጊዜ ሞልቶ መቀመጥ አይቻልም። ሁለት ሁለት እየሞሉ ነው።

ሳምንት 3

መነሻ ቆጠራ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ መጻፍ ይገባል፤ በኋላ ብዙ ትርጉም የማይሰጡ ቁጥሮች የሚመጡት ከዚህ ነው። በሁለቱ ክፍል 4 ዕንቁላል ብቻ ታይቶ «200 በግራም» ቢባል፣ በዕድል መዛባት ብቻ እውነተኛው ቁጥር ከ50 እስከ 500 ሊሆን ይችላል። በማግስቱ 2 ዕንቁላል ሲታይ «በግማሽ ቀነሰ» ማለት ሐሰት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ናሙና ሦስት መስታወት፣ ማለት ስድስት ክፍል (0.9 ሚሊ ሊትር) ይቆጠራል፤ ማባዣው ወደ 17 ይወርዳል። በመስታወት ማጣት ምክንያት የራሳችንን አሠራር ማቃለል አልተፈለገም፣ አራት ተጨማሪ ተሠሩ፤ አሁን ድጋፋቸው 1.5 ነው።

ናሙና የሚወሰደው በጓንት፣ በሳሙና አለስልሶ፣ ከበጉ ራሱ ነው። ከወለል የተለቀመ በጠጥ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ወዲያው ካልተቆጠረ 4 ዲግሪ ላይ፤ ማቀዝቀዣው በረዶ መሥሪያ ውስጥ ግን አይገባም፣ ዕንቁላሉ ይፈነዳል።

ደም፦ በማይክሮ ሄማቶክሪት (ደም በቀጭን ቱቦ የሚሽከረከርበት መሣሪያ)፣ በደቂቃ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ። ፒሲቪ (የቀይ ደም ሴሎች ድርሻ በደሙ ውስጥ) ከ26 እስከ 31 በመቶ ነው። ወደ 22 የወረደ በግ ከሙከራው ይወጣና ይታከማል ብለን ከመጀመራችን በፊት ወሰንን። ሄሞንከስ አንድ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል፤ 2,000 ትል ያለበት በግ በቀን 100 ሚሊ ሊትር። 20 ኪሎ ለሆነ ጠቦት ይህ ቀልድ አይደለም። ያልበሰለ ውሳኔ በበግ ሞት ነው የሚከፈለው።

ሳምንት 4

ክሎርፌኒራሚን ማሌኤት መርፌ ተጀመረ። መነሻው ለከብት የሚሰጠው 0.5 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በጡንቻ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ አምስት ቀን። ያለው አምፑል 1 ሚሊ ሊትር፣ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ እስከ 20 ኪሎ አንድ አምፑል ይበቃል። 22 ኪሎ ለሆነው 11 ሚሊ ግራም ስለሚያስፈልግ ሁለት አምፑል ይከፈታል፣ ከሁለተኛው ዘጠኝ አሥረኛው ይደፋል። ኪኒን ያልተመረጠበት ምክንያት፦ የተዋጠ ኪኒን የበጉ ዋና ጨጓራ ውስጥ በብዙ ሊትር ቅይጥ ውስጥ ይጠፋል፣ መቼና ስንት እንደደረሰ ማወቅ አይቻልም።

አራት በግ መርፌ፣ አራት በግ ለማነጻጸሪያ ጨዋማ ውኃ።

ውጤት፦ ምንም። በሁለቱም ቡድን የዕንቁላል ቁጥር እንደነበረው ነው።

ይህን «ፀረ-ሂስታሚን ትል ላይ ተጽዕኖ የለውም» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ቀላል ነበር። ግን ውጤቱ ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ በጎቹ ያሉት ሲሚንቶ ላይ ነው፤ አዲስ እጭ የሚውጡበት ሣር የለም። ራስን ማዳን የሚነሳው አዲስ እጭ ጨጓራ ገብቶ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ደረጃ ሲቀየር ነው። ያልተነሳ ነገር አይታፈንም። ሁለተኛ፣ መርፌው ሂስታሚንን በእርግጥ አግዶ እንደሆነ አልለካንም።

አዲስ አበባ መሐል፣ ግቢ ውስጥ ለበዓል የሚቀለብ በግ ሁሉ በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ ልብ ይሏል። ለእነዚያ በጎች የፀረ-ሂስታሚን ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም፤ የያዙትን ትል እስከ ዕርድ ቀን ያቆያሉ ወይም መድኃኒት ያስወጣዋል።

ሳምንት 5

ሁለተኛውን ቀዳዳ መጀመሪያ ደፈንን፣ በቆዳ ፈተና። ሂስታሚን በቆዳ ውስጥ ሲገባ ድቡልቡል እብጠት ያወጣል፤ ኤች 1 የሚባለው ተቀባይ ከታገደ እብጠቱ ያንሳል። ሰው ላይ የአለርጂ ፈተና ከመደረጉ በፊት ፀረ-ሂስታሚን እንዲቆም የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሠራር፦ ሂስታሚን ዳይሃይድሮክሎራይድ፣ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም፣ በጨዋማ ውኃ በዚያው ቀን የተቀየጠ። የዱቄቱን ክብደት ሁሉ ሂስታሚን አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ 60 በመቶው ብቻ ነው ሂስታሚን፣ ቀሪው የጨው ክፍሉ ነው። በማስታወሻ ላይ «እንደ ጨው» ወይም «እንደ መሠረት» ተብሎ ይጻፍ። ቦታው ጸጉር የሌለው የውስጥ ጭን ቆዳ፤ ሁለት ነጥብ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፤ አንዱ ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ሂስታሚን፣ ሌላው ላይ ያንኑ ያህል ጨዋማ ውኃ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ፣ የመርፌው አፍ ወደ ላይ። በ15ኛው ደቂቃ ስፋቱ በሁለት አቅጣጫ በካሊፐር ይለካል፣ አማካዩ ይወሰዳል።

መጀመሪያ ላይ ከስምንት መርፌ ሦስቱ ከቆዳ በታች ገቡ፤ እብጠት አልታየም። ይህ «ሂስታሚን አልሠራም» ተብሎ እንዳይነበብ! በትክክል የገባ መርፌ ሲገፋ ይከብዳል፣ ወዲያው እንደ ምስር ፍሬ ያለ ነጭ ጉብታ ያወጣል። ጉብታ ካልታየ ያ ነጥብ ይሰረዛል።

የአራት በግ አማካይ፦ ከመርፌ በፊት ሂስታሚን 14 ሚሊ ሜትር፣ ጨዋማ ውኃ 5። ክሎርፌኒራሚን ከተሰጠ 1 ሰዓት በኋላ 7። በ4ኛው ሰዓት 10። በ8ኛው ሰዓት 13።

የሳምንት 4 ድካም እዚህ ቁጥር ላይ ተፈታ። በቀን አንድ መርፌ ማለት ከ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ማገድ፣ ቀሪውን ክፍት መተው ነው። መድኃኒቱ ከበጉ ደም ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ በየ6 ሰዓቱ እንዲሆን ተወሰነ።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በየመንደሩ «የአለርጂ መርፌ» ተብሎ ክሎርፌኒራሚን ከዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ጋር ተደርቦ ይሰጣል። ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። ፀረ-ሂስታሚን የተለቀቀውን ሂስታሚን በር ይዘጋበታል እንጂ ሂስታሚን የሚለቁትን የመከላከያ ሴሎች፣ ማስት ሴሎቹን፣ አያጠፋም፣ ኢኦሲኖፊል የሚባሉትን ትል የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች አያስቆምም። ዴክሳሜታዞን ግን የመከላከያውን ሥራ ከሥር ያዳክመዋል፤ በስቴሮይድ ሥር ያለ በግ የዕንቁላል ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ከ«አለርጂ መርፌ» በኋላ ትል በዛ የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የብልቃጡ ስም ነው። ትል ማስወጫው ግን ከሂስታሚን ጋር ጉዳይ የለውም፤ አልቤንዳዞል የትሉን ቱቡሊን (የሴሉን ቅርጽ የሚይዝ ፕሮቲን) ይይዛል፣ ቴትራሚዞል የትሉን ነርቭና ጡንቻ ያሽመደምዳል። ፀረ-ሂስታሚን የተሰጠውን በግ ለማከም መዘግየት አያስፈልግም።

ሳምንት 6 እና 7፣ ጥቅምት

እጭ ማራባት። ከስምንቱ በጎች የተሰበሰበ በጠጥ ተፈጭቶ፣ እርጥበት እንዲይዝ ሰጋቱራ ተቀይጦ፣ በፕላስቲክ ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ። ሄሞንከስ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ቢቀመጥ በ7 ቀን ሦስተኛ ደረጃ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ባልዲ በክፍሉ ሙቀት ተቀመጠ። ቀን 19፣ ሌሊት ደግሞ 12 ዲግሪ ነበር። በ8ኛው ቀን ሲታይ ከዕንቁላል ያልወጣውና ገና አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው ይበዛል። ብርድ ትሉን አልገደለውም፣ አስተኛው ብቻ። ሁለተኛው ባልዲ 40 ዋት አምፖልና ቴርሞስታት በተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገባ (ሳጥን፣ ቴርሞስታትና ሽቦ 1,900 ብር)። መብራት ሁለት ጊዜ ለረጅም ሰዓት ሄደ። ለዚያ መፍትሔው ሳጥኑ ውስጥ በሙቅ ውኃ የተሞሉ ሁለት ሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ ሆነ፤ ከ6 ሰዓት በላይ ከ20 ዲግሪ አላስወረደም።

ሦስተኛው ባልዲ ሻጋታ በላው። ሰጋቱራው ያልታጠበና ቀለም ከተቀባ እንጨት የወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልተቀባ የጽድ ሰጋቱራ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ፤ በየቀኑ ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስ። የእርጥበቱ ልክ፦ በእጅ ሲጨበጥ ይጣበቃል፣ ግን ውኃ አያንጠባጥብም።

ማውጣት በቤርማን፦ የምግብ ዘይት መቅጃ ፈነል፣ ከሥሩ የጎማ ቱቦና ማጠፊያ፣ ላዩ ላይ በጎዝ የተጠቀለለው ቅይጥ፣ ለብ ያለ ውኃ እስኪነካው። ሲነጋ ከቱቦው ሥር 10 ሚሊ ሊትር ሲለቀቅ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት ውኃው እንደ ቀጭን ሐር ክር ይብረከረካል። ያ ሁሉ እጭ ነው።

ዕንቁላላቸው አንድ ዓይነት ስለሚመስል ዓይነቱ የሚለየው እዚህ ነው፤ በጅራት ሽፋን ርዝመት። ሄሞንከስ መካከለኛ፣ ጫፉ ላይ ቀልመም ያለ ነው፤ ትሪኮስትሮንጊለስ አጭር፣ ኤሶፋጎስቶመም እንደ ክር የረዘመ። በደጋው አካባቢ ሎንጊስትሮንጊለስም ይገኛል። ከ100 እጭ 78ቱ ሄሞንከስ ሆኑ፤ ለሥራው በቂ ነው። «ንጹሕ ሄሞንከስ» ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም፣ አልተጻፈም።

ቆጠራ፦ ጠርሙሱ በዝግታ እየተገለበጠ 10 ጠብታ፣ እያንዳንዳቸው 20 ማይክሮሊትር። አማካይ 11 እጭ በጠብታ፣ ማለት 550 በሚሊ ሊትር። ለአንድ በግ 3,000 እጭ 5.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ካልተገለበጠ እጭ ቶሎ ይዘቅጣል፤ የመጀመሪያው ቆጠራ በዚህ ምክንያት 240 ነበር፣ በዚያ ቢሰጥ ከእጥፍ በላይ እጭ ይገባ ነበር። እስኪሰጥ በስስ ውኃ፣ በተኛ ብልቃጥ፣ 10 ዲግሪ ላይ ተቀመጠ።

ሳምንት 8፣ ጎን ለጎን፦ ከቄራ የመጣ ጨጓራ

መድኃኒት ከቀመሱት በጎች አንድም ለዕርድ አይሄድም፤ ለሥጋ ተብሎ ያልተፈቀደ መርፌ ነው። የጨጓራ ቁራጭ የተገኘው ከቄራ፣ ከሌሎች ያልታከሙ በጎች ነው። አራተኛው ጨጓራ በታላቁ ኩርባው በኩል ተቀዶ ይታጠባል፣ እጥበቱ 2 ሊትር ይሞላል፣ እየተበጠበጠ 200 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፣ የተገኘው ትል በ10 ይባዛል። ሴቷ በዓይን ትለያለች፦ ነጭ ማሕፀኗ በቀይ አንጀቷ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሁለት ቀለም ፈትል ትመስላለች።

ከሽፋኑ የተቆረጡ ቁራጮች ማስት ሴል ለመቁጠር በቶሉዲን ሰማያዊ ተቀለሙ። መጀመሪያ የገቡት እንደተለመደው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ነው። ስላይዱ ባዶ ሊባል ይችላል፤ በ10 ዕይታ ሁለት ወይም ሦስት ሴል። በትል የተሞላ ጨጓራ ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም። ቀለሙ ተቀየረ፣ ፒኤቹ ተስተካከለ፣ ያው ነው።

ጥፋቱ ፎርማሊኑ ነው። በአንጀትና በጨጓራ ሽፋን ያለው ማስት ሴል በፎርማሊን ሲያዝ ቅንጣቱ ቀለም አይቀበልም፤ ሴሉ እዚያው አለ፣ ግን አይታይም። ቀጣዩ ቁራጭ በካርኖይ ተያዘ፦ 60 ክፍል ፍጹም ኢታኖል፣ 30 ክሎሮፎርም፣ 10 ግላሻል አሴቲክ አሲድ፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ለ6 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ ፍጹም ኢታኖል። ከአንዱ ጨጓራ፣ ከአንዱ ቦታ ጎን ለጎን የተቆረጡት ሁለት ቁራጮች ሲነጻጸሩ የካርኖዩ በአንድ ዕይታ ብቻ ከ20 በላይ አሳየ፤ ሐምራዊ ቅንጣት የሞላቸው፣ የተወሰኑት እጢዎቹ ሽፋን መካከል ገብተው። ክሎሮፎርም ሽታው መጥፎ ነው፣ ሥራው ጢስ ማውጫ ባለበት ወይም ውጭ በረንዳ ላይ።

ይህ ለዋናው ጥያቄ የሚሰጠው ነገር፦ ሴሉ ሂስታሚን ብቻ አይደለም የተሸከመው። ፕሮቲን ቆራጩ ፕሮቲኤዝ አለው፣ ሌላ የእብጠት ኬሚካል፣ ሉኮትራይን፣ ያመርታል፤ ከጎኑ ደግሞ ከመከላከያ ሴሎች መልእክተኞች ኢንተርሊዩኪን 13 የጨጓራውን ዝልግልግ ያበዛል፣ ኢንተርሊዩኪን 5 ኢኦሲኖፊል ይጠራል። ክሎርፌኒራሚን ከዚህ ሁሉ አንዱን ማለትም የሂስታሚንን የኤች 1 በር ይዘጋል። ስለዚህ ማስወጣቱ ሙሉ በሙሉ ይቆማል ብሎ መጠበቅ የለብንም፤ የሚጠበቀው መዘግየት ወይም መቀነስ ነው።

ሳምንት 9 እና 10፣ ኅዳር

እጭ ተሰጠ። 3,000 በአንድ በግ፣ በሲሪንጅ በምላስ ሥር ሳይሆን በምላስ ጀርባ፣ ሲሪንጁ በውኃ ሁለት ጊዜ ታጥቦ እጥበቱም ተሰጥቶ (ካልታጠበ እጭ ግድግዳው ላይ ይቀራል)።

መርፌ፦ እጩ ከመሰጠቱ 30 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6፤ አምስት ቀን። ለአራቱ በጎች 80 መርፌ፣ ግራና ቀኝ እግር እየተፈራረቀ። በ3ኛው ቀን የቆዳ ፈተና ከቀጣዩ መርፌ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ተደገመ፤ 11 ሚሊ ሜትር። ሙሉ አይደለም፣ ግን እገዳው አልጠፋም።

ያልተገመተው ችግር እንቅልፍ ነው። መርፌ የሚወስዱት አራቱ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው ይተኛሉ፣ ድርቆሽ ያስተርፋሉ። የበላው ያነሰ በግ በጠጡም ያንሳል፣ ይደርቃል። ትሉ የሚጥለው ዕንቁላል ባይቀየር እንኳ በትንሽ በጠጥ ውስጥ ስለተጨመቀ በግራም ሲቆጠር ይበዛል። ማለትም መድኃኒቱ ዕንቁላል የጨመረ ሊመስል ይችላል፤ ያደረገው ግን ምግብ መቀነስ ነው።

ከቀን 3 ጀምሮ የበጠጥ ከረጢት ተሰፋ፦ የስኳር ጆንያ፣ በደረት ዙሪያ የሚታሰር የሻንጣ ቀበቶ። የ24 ሰዓቱ በጠጥ ተመዝኖ በግራም ዕንቁላሉ ይባዛል፣ የቀኑ ጠቅላላ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀበቶ ብብት ሥር ላጠ፤ በፎጣ ተጠቀለለ። ከቀን 1 ጀምሮ መታሰር ነበረበት፤ የሁለት ቀን ቁጥር የለንም።

ኢኦሲኖፊል በጊምሳ ቀለም በተቀለመ የደም ስላይድ በሁለቱም ቡድን ጨመረ፣ ልዩነት አልታየም።

ሳምንት 12፣ ታኅሣሥ

በግራም ዕንቁላል፣ ወደ 50 የተጠጋጋ፣ እጭ ከመሰጠቱ በፊትና ከተሰጠ በ10ኛው ቀን።

ጨዋማ ውኃ የወሰዱት፦ 1,850 ወደ 300፤ 900 ወደ 850፤ 2,400 ወደ 700፤ 650 ወደ 550።

ክሎርፌኒራሚን የወሰዱት፦ 1,200 ወደ 950፤ 2,100 ወደ 1,900፤ 450 ወደ 500፤ 1,600 ወደ 500።

ከግማሽ በታች የወረዱት ከአራት ሁለት፣ ከአራት አንድ። በበጠጥ ክብደት ሲታረም ያው ነው። ከዚህ ቁጥር «ፀረ-ሂስታሚን አገደ» የሚል ዐረፍተ ነገር አይወጣም። የሚወጣው ይህ ነው፦ ሲሚንቶ ላይ ለሳምንታት ያልወረደው ቁጥር እጭ ሲሰጥ በሦስት በግ ወረደ። ማስነሻው ሠርቷል፤ እገዳው ግን አልተረጋገጠም። ኬንያ ውስጥ አሎንቢና ኧርኩሃርት እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት ሜዳ ላይ ራስን ማዳን ዝናብን ተከትሎ በአዋቂው በግና በጠቦቱ ላይ በአንድ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ሁሉም ማስወጣት የመከላከያ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መያዝም ያሳስታል።

ጥፋቱ በምደባው ነው። በጎቹ የተከፈሉት በዕጣ ብቻ ስለነበር 2,400 እና 450 አንድ ላይ ተለካ። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ በዕንቁላል ቁጥራቸው ይደረደራሉ፣ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፣ ከጥንዱ ዕጣ ይወጣል። ከ500 በታች የሆነ በግ አይገባም፤ የሚወርድበት ቦታ የለውም።

ከጨዋማ ውኃ ቡድን 650 የነበረው በግ እጭ ከተሰጠው በ14ኛው ቀን ፒሲቪው 21 ሆነ፣ ወጣ። 20 ኪሎ ነው፣ በ7.5 ሚሊ ግራም በኪሎ 150 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል፣ የ300ው ቦለስ (ትልቅ የእንስሳት ኪኒን) ግማሽ። ከታከመ በ14ኛው ቀን በስድስት ክፍል አንድም ዕንቁላል አልታየም። የተቀሩት ሰባቱም በዚያው ታከሙ።

ወጪ፦ በጎች 76,000 ብር፣ ድርቆሽና ፉርሽካ 21,400፣ አምፑልና ሲሪንጅ 6,800፣ ኬሚካል 9,300፣ የተሠራው ዕቃ ሁሉ (መስታወት፣ ሳጥን፣ ፈነል፣ ከረጢት) 4,150። ክሎሮፎርሙ ግማሹ አለ። ስድስቱ መቁጠሪያ መስታወቶች ታጥበው፣ ማባዣቸው ተለጥፎባቸው መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱ 37.5፣ አራቱ 50።